«ጀልባ ስንት ነው?» ብሎ ለሚደውል ሰው የሚሠራ ድረ ገጽ

ባሕር ዳር ውስጥ ለአነስተኛ ንግድ የሚሠሩ ድረ ገጾች መልካቸው ይመሳሰላል። ከላይ የሚንሸራተቱ ሦስት አራት ትልልቅ ፎቶዎች፣ ቀጥሎ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ቀጥሎ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት፣ መጨረሻ ላይ በደቃቁ የተጻፈ ስልክ ቁጥር። ደዋዩ ግን ስለ ራዕይ ጠይቆ አያውቅም። «ጀልባ ስንት ነው?»፣ «ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ምን ያህል ይፈጃል?»፣ «ዛሬ የጾም አለ?»፣ «ከኤርፖርት ትቀበሉናላችሁ?» ነው የሚለው። በስልክ በየቀኑ የሚመለሰው ድረ ገጹ ላይ የለም፤ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ደግሞ በስልክ የሚጠይቅ የለም። የኢንተርኔት ገበያ ሥራ የሚጀምረው ይህን ክፍተት ከመዝጋት ነው። ማስታወቂያ መክፈል፣ ተከታይ ማብዛት፣ ቪዲዮ ማሠራት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሥራው በደብተር ይጀመራል። ለ7 ቀን ከስልኩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። ስልክ የሚያነሣው ሰው፣ ቴሌግራም ላይ መልእክት የሚመልሰውም ጭምር፣ ጥያቄውን ደንበኛው ራሱ ባለው አፍ ይጻፈው። «ትራንስፖርትን የተመለከተ ጥያቄ» ተብሎ ከተጻፈ አይጠቅምም፤ «ከመናኸሪያ እናንተ ጋ በባጃጅ ስንት ነው?» ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት። ደንበኛው ከመደወሉ በፊት ጉግል ላይ የሚጽፈውም ያንኑ አነጋገር ነውና። በሳምንቱ መጨረሻ የሚመሳሰሉትን ሰብስቡና ቁጠሩ። ከአምስት ጊዜ በላይ የተጠየቀ ጥያቄ የራሱ ገጽ ይገባዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተጠየቀው በአንድ አንቀጽ ይመለሳል። አንዴ ብቻ የመጣውን ለጊዜው እለፉት።

አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ

የጣና ሐይቅ ጀልባ አከራይን እንውሰድ። «የጀልባ ጉዞ» የሚል አንድ ገጽ ሠርቶ ዘጌን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ እንጦስ ኢየሱስን፣ ደብረ ማርያምንና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ሥፍራ እዚያው ማጨቅ የተለመደ ስሕተት ነው። ቀኑን ሙሉ ለዘጌ የመደበ ቤተሰብና ከስብሰባ በኋላ ጉማሬ አይቶ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ጥያቄያቸው አንድ አይደለም። ጉግልም አንድ ገጽ ስለ አምስት ነገር ሲያወራ ለየትኛው ፍለጋ እንደሚያቀርበው ይቸገራል። እያንዳንዱ መስመር የየራሱ ገጽ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ገጽ ከ300 እስከ 600 ቃል ቢሆን በቂ ነው።

የዘጌው ገጽ የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ዋጋውን፣ የሰው ብዛቱንና ጊዜውን መናገር አለባቸው። እዚህ ላይ ብዙ ጠብ የሚያመጣው ነገር ዋጋው በሰው ይሁን በጀልባ አለመገለጹ ነው። ስድስት ሆነው የመጡ ሰዎች በአንድ ጀልባ የተባለውን በነፍስ ወከፍ መስሏቸው ሳይደውሉ ይቀራሉ፤ ወይም የነፍስ ወከፉን ለጀልባው በሙሉ መስሏቸው ወደቡ ላይ ይጣላሉ። ቀጥሎ የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ዋጋው በነዳጅ ምክንያት የሚለዋወጥ ከሆነ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን አስቀምጡ፣ ከዚህ እስከዚያ የሚያደርሰው ምን እንደሆነም ጻፉ። ከጎኑ «ከጥቅምት 1 ጀምሮ የሚሠራ ዋጋ» የሚል ቀን ይኑር፤ ቀን የሌለው ዋጋ የዓምናው ይሁን የዘንድሮ አይታወቅም።

«ዋጋ ከጻፍን ተፎካካሪ ያየዋል» የሚለው ስጋት ሁልጊዜ ይነሣል። ተፎካካሪ ዋጋችሁን ማወቅ ከፈለገ በአንድ የስልክ ጥሪ ያውቀዋል። ዋጋ በመደበቅ የሚቀረው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ሆኖ በሌሊት አምስት ድረ ገጽ ከፍቶ የሚያወዳድረው ደንበኛ ነው። እሱ ዋጋ ያልጻፈውን ዘግቶ ይሄዳል፣ መሄዱንም አታውቁም።

ከዋጋው በታች ጉዞውን የሚያበላሹ ነገሮች ይዘርዘሩ፤ ይህ ክፍል ነው ገጹን ከሌላው የሚለየው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች እንደማይገቡ፣ ዘጌ ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት መሆናቸው ካልተጻፈ፣ እናቱን ይዞ የመጣ ሰው ደሴቷ ዳር ሲደርስ ነው የሚሰማው። ወደ ኡራ ከወደቡ በቡናው ጫካ ውስጥ ዳገት በእግር መውጣት አለ፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ይህ ከዋጋው በላይ ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ በጠዋት መነሣት እንደሚሻል ጻፉ። ጀልባው ላይ ስንት የሕይወት አድን ጃኬት እንዳለ፣ የልጅ መጠን መኖሩንም ጻፉ። ልብስ ከጉልበት በታች የሚደርስና ትከሻ የሚሸፍን መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ እንደሚወልቅም አንድ መስመር ይበቃዋል።

በጢስ ዓባይ ጉዳይ እውነቱን መጻፍ ያስፈልጋል። ፏፏቴው በነሐሴና በመስከረም ይሞላል፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚወሰድ በበጋ እጅግ ይሳሳል። በነሐሴ የተነሣ ፎቶ ሰቅላችሁ በሚያዝያ እንግዳ ብትወስዱ ቅሬታው በማግሥቱ ካርታው ላይ በአንድ ኮከብ ይጻፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት ፎቶ አድርጉ፣ አንዱን የነሐሴ፣ አንዱን የመጋቢት፣ ከሥራቸውም ወሩን ጻፉ። የማስታወቂያ አዋጁም፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ደንበኛ ለመሳብ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈም ማስታወቂያ ነው።

ዓሣ፣ አሳ፣ ዓሳ፣ አሣ

ከእንግሊዝኛ የተቀዱ የገበያ ምክሮች ይህን ችግር አያውቁትም፤ እኛን ግን በየቀኑ ያስከፍለናል። አንድ ምግብ ቤት «የዓሣ ጉላሽ» ብሎ ይጽፋል፣ ደንበኛው «አሳ ጉላሽ» ብሎ ይፈልጋል። ሠርግና ሰርግ፣ ፀጉርና ጸጉር፣ ዓባይና አባይ፣ ባሕር ዳርና ባህር ዳርም እንዲሁ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የፍለጋ ሞተሩ አንዳንዴ ያዛምዳቸዋል፣ አንዳንዴ አያዛምዳቸውም። ስልክ ላይ ሐን፣ ሠን ወይም ዐን ለማውጣት ተጨማሪ መንካት ስለሚጠይቅ፣ በጥድፊያ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሀን፣ ሰን፣ አን ነው የሚጽፈው።

አራቱንም አጻጻፍ ከገጹ ግርጌ መደርደር ግን አያዋጣም። ጉግል ቃል ማጨቅን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል፤ ለአንባቢም ያስጠላል። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ የገጹ ርዕስና የመጀመሪያው አንቀጽ ሰው በሚፈልግበት አጻጻፍ ይሁን፣ ውስጡ እናንተ ትክክል በምትሉት ይቀጥል። ርዕሱ «የሰርግ አዳራሽ በባህር ዳር» ቢሆንና ውስጡ «ሠርግ» ቢል ማንም አይከፋም፣ በሁለቱም የመገኘት ዕድል ይኖራል። የቱ አጻጻፍ በብዛት እንደሚፈለግ ለመገመት አትድከሙ፤ ከታች የምንደርስበት ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል መሣሪያ ቃል በቃል ያሳያችኋል።

የርዕስ ርዝመትም የእኛ የራሱ ልክ አለው። ጉግል ርዕስን የሚቆርጠው በፊደል ቁጥር ሳይሆን በወርድ ነው። ለላቲን ፊደል 60 ያህል ይባላል፤ የግዕዝ ፊደል ሰፋ ስለሚል 40 ላይ ማቆም ይበጃል። የንግዱን ስም መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥም ይቅር። «የዘጌ ጀልባ ጉዞ ዋጋና ሰዓት» ይቅደም፣ የድርጅቱ ስም ይከተል፤ ስማችሁን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ለማንኛውም ያገኛችኋል።

የምግብ ዝርዝር በማተሚያ ቤት ተሠርቶ በፎቶ መልክ ድረ ገጽ ላይ ሲሰቀል ጉግል እንደ ጽሑፍ አይቆጥረውም፤ ስልክ ላይም በሁለት ጣት እየሳቡ ካልሆነ አይነበብም። ዝርዝሩን በጽሑፍ ጻፉት፣ ፎቶው ከፈለጋችሁ ይጨመር። በድሮ ፓወር ግዕዝ የተተየበ ፋይል ካላችሁ ደግሞ ገልብጣችሁ ስትለጥፉት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ምክንያቱም ያ ፊደል የተሠራው ዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ አልነበረም። እንደገና መተየብ ወይም በመለወጫ ማሳለፍ ግድ ነው። ለድረ ገጹ ለየት ያለ የአማርኛ ፊደል ዓይነት መጫንም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ስልኮች የራሳቸው አላቸው፣ የሚጫነው ግን ገጹን ያከብደዋል። ይልቅ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ወደ ፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ከፍ አድርጉ፤ ፊደላችን ቁመት ስላለው በላቲን ልክ ሲደረደር ይታፈናል።

እንግሊዝኛው የራሱ ገጽና የራሱ አድራሻ ይኑረው እንጂ ከአማርኛው ጋር በአንድ ገጽ አይደባለቅ። የማሽን ትርጉምን ሳያነቡ መለጠፍም ጉዳት አለው። «የጾም አለን» የሚለው ቃል በቃል ሲተረጎም ለውጭ ሰው ምግብ የማይቀርብበት ቀን ይመስለዋል። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ መሆኑን መግለጽ ይሻላል፤ ረቡዕና ዓርብ የሚመጣ የአትክልት ተመጋቢ እንግዳ ይህን ሲያውቅ ደስ ብሎት ነው የሚገባው።

ካርታው ላይ ያለው ቤታችሁ

ለአነስተኛ ንግድ ከድረ ገጹ ቀድሞ የሚታየው ጉግል ማፕ ላይ ያለው መረጃ ነው። ነጻ ነው፣ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ይባላል። ከመመዝገባችሁ በፊት ስማችሁን ካርታው ላይ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ደንበኛ አስቀድሞ መዝግቦት ይገኛል። ካለ አዲስ አትፍጠሩ፣ ያንኑ የእኔ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሲሆን አስተያየቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ካርታውም ለሰው ሁለት ቦታ ያሳያል።

ማረጋገጫው አሁን በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ የሚቀረጽ ሆኖ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ መንገዱንና አካባቢውን፣ በር ላይ ያለውን ታፔላ፣ እናንተ ባለቤት ወይም ኃላፊ መሆናችሁን። የመጨረሻው በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ ወይም ሠራተኛ ብቻ የሚገባበት ሥፍራ ስትገቡ ይታያል። የሰው ፊትና መታወቂያ አይቀረጽ። የሚከሽፈው በብዛት በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ታፔላው ላይ ያለው ስም ከተመዘገበው ይለያል፣ ወይ ኮኔክሽኑ ደካማ ሆኖ ቪዲዮው ሳይጫን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ያህል አድርጉት፣ ኔትወርክ በሚቀልበት ሰዓት ሞክሩ። ስሙ ላይ «በባሕር ዳር ምርጡ» የሚል ጭማሪ አታድርጉ፤ ታፔላው ላይ የሌለ ቃል ስም ውስጥ ሲገባ ገጹ ሊታገድ ይችላል።

ካርታው ላይ ቦታችሁን የሚያሳየውን ምልክት፣ ፒኑን፣ በእጃችሁ አስተካክሉ። ሐይቅ ዳር ያሉ ቤቶች ፒን ውኃው ላይ ወይም በጀርባ ባለው መንገድ ላይ ሲያርፍ ባጃጁ እንግዳውን አጥር ሥር ያወርደዋል። ፒኑ በመግቢያው በር ላይ ይሁን። ከዚያ ድረ ገጹ ላይ በሰው አነጋገር አቅጣጫ ጻፉ፤ ከተማችን በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት ነው የሚሄደው። ከጊዮርጊስ፣ ከፔዳ በር ወይም ከዓባይ ድልድይ ተነሥታችሁ በየትኛው እጅ እንደሚታጠፍ ጻፉ። ባጃጅ ነጂው ቦታውን በምን ስም እንደሚያውቀው ጠይቁና ያንን ስም ጨምሩ።

ሰዓቱን ስትሞሉ ግን ቆም በሉ፤ በዚህ ላይ የሚወድቀው ብዙ ነው። ካርታው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከፍቶ ማታ 3 ሰዓት የሚዘጋ ምግብ ቤት ቁጥሩን እንዳለ ቢያስገባ፣ ካርታው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል ብሎ ያሳያል። እራት ፈላጊው «ዝግ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያያል፣ እናንተ ደግሞ ሰው ለምን ጠፋ ትላላችሁ። ትክክሉ በፈረንጅ ከጠዋቱ 8 እስከ ምሽቱ 9 ተብሎ ነው የሚገባው። ድረ ገጹ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ጠዋት 2፡00፣ በፈረንጅ 8፡00»። ቀንም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ጥር 11ን ጃንዋሪ 11 አድርጎ ከያዘ ስምንት ቀን ቀድሞ ይደርሳል። ለበዓላት ልዩ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር በየዓመቱ መሙላት ያስፈልጋል።

አስተያየት በገንዘብ ወይም በቅናሽ መግዛት የተከለከለ ነው፣ ሲታወቅም ይሰረዛል። የተፈቀደው መጠየቅ ነው። የአስተያየት ሊንኩን በኪውአር ኮድ አሳትማችሁ ከሒሳብ ደረሰኙ ጋር ስጡ። ጥሩ ያልሆነ አስተያየት ሲመጣ በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሱ፦ የተፈጠረውን ማመን፣ ምን እንደተስተካከለ መናገር፣ ስልክ መስጠት። መልሱን የምትጽፉት ለቅሬታ አቅራቢው ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚያነበው ሰውም ነው።

የፎቶ ክብደት

የዛሬ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 8 ሜጋባይት ይመዝናል። አሥር ፎቶ እንዳለ የተሰቀለበት የፊት ገጽ ከ30 ሜጋባይት በላይ ነው፤ በፓኬጅ ዳታ የሚጠቀም ሰው ይህን አይጠብቅም፣ ይዘጋዋል። ፎቶው በወርድ 1200 ፒክስል፣ ፎርማቱ ዌብፒ፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎባይት በታች ይሁን፤ የገጹ ጠቅላላ ክብደት ከ1 ሜጋባይት ባያልፍ መልካም ነው። ስኩዎሽ የተባለው ነጻ መሣሪያ በብራውዘር ውስጥ ይሠራዋል። ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ደግሞ አቋራጭ አለ፦ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ በፋይል ሳይሆን በፎቶ መልክ፣ ኤችዲ የሚለውን ሳትነኩ፣ ላኩና መልሳችሁ አውርዱ፤ ወደ 1280 ፒክስል ያህል ዝቅ ብሎ ይመጣል። የሚንሸራተተውን የፊት ፎቶ አውጡና አንድ ጥሩ ፎቶ ተኩ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው የለም፣ ክብደቱ ግን ይከፈላል።

የገጽ ፍጥነት በሚለካው የጉግል መሣሪያ፣ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ፣ ላይ አድራሻችሁን አስገብታችሁ የሞባይሉን ውጤት ተመልከቱ። ትልቁ የገጹ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ግን ርካሽ ስልክ ይዞ፣ ዋይፋይ አጥፍቶ፣ ምሽት ላይ ኔትወርክ ሲጨናነቅ መክፈት ነው።

ቴሌግራምና ድረ ገጹ

ቴሌግራም ቻናል ለእኛ አገር ደንበኛ ትልቅ መገናኛ ነው፤ ይተው የሚል ሰው አገሩን አያውቅም። ችግሩ ፖስት ወደ ላይ መሄዱ ነው። ማክሰኞ የተጻፈ ዋጋ ዓርብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ድረ ገጹ ቋሚውን ይያዝ፣ ቻናሉ አዲሱን ይንገር፤ እያንዳንዱ ፖስት ደግሞ ወደ ፊት ገጹ ሳይሆን ወደሚመለከተው ገጽ ሊንክ ይኑረው። ከላይ የሚሰካው መልእክት ዋጋ ያለበትን ገጽ፣ ሎኬሽንና ስልክ ይያዝ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ይቅር፤ ደንበኛውን ያስለምናል፣ መልስ የሚሰጠውንም ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ቁጥር ሲጽፍ ያውለዋል።

ሊንኩ ሲላክ አብሮ የሚታየው ፎቶ 1200 በ630 ፒክስል ሆኖ ይዘጋጅ። ፎቶውን ቀይራችሁ ቴሌግራም የድሮውን ካሳየ ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ሊንኩን ላኩለት፣ ያድሰዋል። የስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን፤ ሊንኩ ውስጥ በ+251 የሚጀምር መሆን አለበት፣ የ09፣ የ07 ወይም የ058 ዜሮዋ ወጥታ። ለዋትስአፕ ሊንክ የመደመር ምልክቱም አይገባም፤ በትክክል 12 አሃዝ ነው። ዜሮዋ ሳትወጣ ብትቀር ባሕር ዳር ያለ ሰው ምንም አይታወቀውም፣ ከዋሽንግተን የሚደውለው ግን አይገባለትም። ቁልፉን በቴሌግራምና በፌስቡክ ውስጥ በሚከፈተው ብራውዘር ሞክሩት፤ በክሮም የሚሠራ ነገር እዚያ ውስጥ የሚከሽፍበት ጊዜ አለ።

ቀብድ የምትቀበሉ ከሆነ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ሁኔታ እዚያው ገጽ ላይ ጻፉ፦ ከጉዞው 48 ሰዓት በፊት የተሰረዘ ምን ይሆናል፣ ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ባይወጣስ? በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለን በስክሪንሾት ብቻ አትቀበሉ፤ ስክሪንሾት በቀላሉ ይሠራል። የራሳችሁ ሒሳብ ላይ መግባቱን አይታችሁ ነው ማረጋገጫ የሚላከው። ቻፓን ወይም አሪፍፔይን የመሰለ የክፍያ መግቢያ ማስገባት የሚያዋጣው በቀን ብዙ ክፍያ ሲኖር ነው፤ በሳምንት አምስት ለሚይዝ ሰው ስልክ ይበቃዋል። የመያዣ ቅጹ ላይም ስም፣ ስልክ፣ ቀንና የሰው ብዛት ብቻ ጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የማያስፈልግ የመታወቂያ ፎቶ ሰብስቦ ማስቀመጥ ራስን ለተጠያቂነት ማጋለጥ ነው።

የማን ስም ላይ ነው?

ዛሬውኑ አረጋግጡ፦ ዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው? ድረ ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ኢሜይል መዝግቦት ከሆነ፣ እሱ አገር ሲለቅ ወይም ስልክ ሲቀይር የዕድሳት ማስታወሻው ለእናንተ አይደርስም። ዶሜይኑ ያልፍበታል፣ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፤ ለዓመታት የተሰበሰበው የጉግል ቦታም አብሮ ይሄዳል። ዶሜይን፣ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኪራይ)፣ ቢዝነስ ፕሮፋይልና የፌስቡክ ገጽ በድርጅቱ አንድ ኢሜይል ሥር ይሁኑ፤ ለባለሙያው የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስጡት፣ የይለፍ ቃል ግን አትስጡ። ማስታወቂያ «ቡስት» ለሚያደርግላችሁ ሰውም ያው ነው።

ምን እንደሠራ ማወቂያው

ሰርች ኮንሶል ነጻ ነው፤ ሰው ምን ጽፎ እንዳገኛችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካችሁ እስከ 16 ወር ወደኋላ ያሳያል። ድረ ገጻችሁን አስገቡ፣ ሳይትማፕ (የገጾቻችሁን ዝርዝር የያዘ ፋይል) ላኩ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። ምንም ካልታየ መጀመሪያ የሚፈተሸው፣ ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ፣ በንባብ ቅንብሩ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የምትለዋ ሳጥን ናት። ሲሠራ ምልክት ይደረግባታል፣ ሲያልቅ ማንሣት ይረሳል፤ ድረ ገጹ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የታየ ግን ያልተነካ ገጽ ርዕሱ ደካማ ነው። በአማካይ ከ8ኛ እስከ 20ኛ የሚወጣ ገጽ ደግሞ ሊደከምበት የሚገባ ነው፤ ከደብተሩ ሁለት ሦስት ጥያቄ መልሱበት፣ አዲስ ፎቶ ከነመግለጫው ጨምሩ።

ከቴሌግራም የሚመጣ ሰው የጎብኚ ቁጥር በሚይዘው ጉግል አናሊቲክስ ላይ ብዙ ጊዜ «ቀጥታ የገባ» ተብሎ ይመዘገባል። ቻናላችሁ ሥራ እንደማያመጣ እንዳታስቡ ሊንኮቹ ጫፍ ላይ ሰው ከየት እንደመጣ የሚናገር የዩቲኤም ምልክት ጨምሩ። ደዋዩን «የት አገኙን?» ብሎ መጠየቅና ደብተሩ ላይ ማስፈር ደግሞ ከሁሉም ይቀልላል።

ጊዜውን አስቀድሙ። አዲስ ገጽ ተመዝግቦ ቦታ እስኪይዝ ሳምንታት ይወስዳል። የጥር ሠርግ አዳራሽ የሚፈለገው ከጥቅምትና ከኅዳር ጀምሮ ስለሆነ ገጹ ከመስቀል በፊት መውጣት አለበት፤ ከፋሲካ በኋላ ለሚሠረገው ደግሞ ከጥምቀት በፊት። አድራሻው ውስጥ ዓመተ ምሕረት አታስገቡ፤ በየዓመቱ ያንኑ ገጽ አድሱት እንጂ አዲስ አትፍጠሩ፣ ገጹ የሰበሰበውን ቦታ ያጣዋልና።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት መልሳችሁ አውጡ። ገጾቹ ሥራቸውን እየሠሩ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል። «ጀልባ ስንት ነው?» ይቀንሳል፣ በቦታው «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ለስድስት ሰው አለ?» የሚለው ይበዛል።